ቁልፉ እሷ ጋ፣ ወንበሩ እሱ ጋ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ጎንደሮች፣ ከጎንደር ውጭ ሆናችሁ የምታነቡንም እንደምን አላችሁ። ባለፈው እትም ስለ ባንክ ቤት ሥራና ስለ ሴት አለቆች የምትጠይቁት ካለ ላኩ ብለን ነበር፣ የመጣው ግማሹ ጥያቄ ግማሹ ስሞታ ነው፣ ስድብም አለበት (እሱን ትተነዋል)። እኔ ከመስኮት ጀምሬ ባንክ ቤት ረጅም ጊዜ ስለሠራሁ አዘጋጆቹ ለኔ አሸከሙኝ። የጠያቂዎቹንም የባንኮቹንም ስም አንስተናል፣ ጎንደር ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች "ከአዘዞ" ብላችሁ ብቻ እንኳ የሚያውቃችሁ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን አሉልኝ። የምሠራው አንድ የግል ባንክ ውስጥ ነው፣ ቅርንጫፋችን ትልቅ ነው ደንበኛውም ብዙ ነው። ከቴለር (መስኮት ላይ ብር ከፋይና ተቀባይ) ተነስቼ አሁን የደንበኞች አገልግሎት ማናጀር ነኝ፣ የካዝናውም ቁልፍ እኔ ጋ ነው። የቅርንጫፍ ማናጀር ቦታ ሁለቴ ተከፍቶ ሁለቴም ተወዳድሬ ሁለቴም ከኔ በኋላ ለተቀጠሩ ወንዶች ተሰጠ፣ አንደኛውንማ ሥራ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ለምን ብዬ ዲስትሪክት (የቅርንጫፎቹ የበላይ ቢሮ) ድረስ ሄጄ ስጠይቅ "አንችን ከካዝና ብናነሳ ማንን እናምናለን" ይሉኛል እየሳቁ። ታማኝ ናት ሲሉኝ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር አሁን ግን እያበሸቀኝ ነው። ልልቀቅ ወይ? ሌላ ባንክ ልሂድ?
ቁልፍ ያዥዋ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የኔ እህት ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም መጣ ንዴቴም መጣ። ይቺን "ማንን እናምናለን" የምትባል ነገር ያልሰማች ባንክ ቤት የሠራች ሴት ካለች ትምጣና ታሳየኝ። እኔ ባየሁት ብዙዋን ሴት ከታች ያስቀራት ስድብ አይደለም፣ ምስጋና ነው።

ባንክ ቤት ላልሠራችሁ ላስረዳ። ካዝና በአንድ ሰው አይከፈትም፣ ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዳንዱ ቦታ አንዱ ቁልፍ አንዱ የሚስጥር ቁጥር ነው፣ ሁለት ሰው ተካፍሎ ይይዘዋል። ጠዋት ሁለቱም ቆመው ይከፈታል፣ ለየቴለሩ ብር ተቆጥሮ ይሰጥና ይፈረማል፣ ማታ ደሞ የተረፈው ሁሉ ተመልሶ ይቆጠርና ከሲስተሙ ጋር ይተያያል፣ ካልገጠመ በቃ ማንም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም ወረቀቱ ሁሉ ይገለበጣል። መሀል ላይ ቴለሩ ብር አለቀብኝ ሲል ቁልፍ ያዥዋ ትጠራለች፣ ብዙ ብር የሚያወጣ ነጋዴ ሲመጣ ትጠራለች፣ ኤቲኤሙ ባዶ ሲሆን ትጠራለች። ምሳ እንኳ ስትወጣ ስልኳን እያየች ነው የምትጎርሰው። አዲስ አበባ ስልጠና ሲመጣ "ቁልፉን ለማን ታስረክቢያለሽ" ይባላል፣ ርክክቡ ራሱ ካዝናውን ሙሉ ቆጥሮ መፈራረም ስለሆነ ማንም አይወደውም፣ ስለዚ ስልጠናው ላይ ያ ሥራ ያስለመድሽው ልጅ ይሄዳል። ደንበኛ ለመጎብኘት ሲወጣ ልጁ ይወጣል። የብድር ፋይል ሲመጣ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲ ከሄደ በኋላ የሱ ማመልከቻ ላይ ብድር ተጽፏል፣ ዲፖዚት (ተቀማጭ ገንዘብ ማምጣት) ተጽፏል፣ ስልጠና ተጽፏል፣ ያንች ላይ ያለው "ታማኝና ታታሪ" የሚል ነው። ከዛ ኮሚቴው ተቀምጦ ሲያወዳድር ማንም ክፉ ሰው አያስፈልገውም፣ ወረቀቱን አይቶ ለሱ ይሰጠዋል፣ ሁሉም ንፁህ ነኝ ብሎ ይተኛል።

ስለዚ ከመልቀቅሽ በፊት መጀመሪያ ከካዝናው ውረጂ። በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለማናጀርሽ አድርገሽ ለዲስትሪክት ግልባጭ አድርገሽበት፣ ቁልፉን ለሌላ ሠራተኛ አስረክቤ ብድር ክፍል ልሥራ በይ። ኩርፊያ አታስገቢበት፣ ሥራዬን ላስፋ ብለሽ ነው የምትጠይቂው። ቁልፍ በየጊዜው ከሰው ሰው መዘዋወሩ ለባንኩም ይጠቅመዋል፣ ኦዲተር ይወደዋል፣ አንድ ሰው ቁልፍ ላይ ዓመታት መቆየቱ እኮ ለቁጥጥርም ጥሩ አይደለም፣ ይሄን ደብዳቤው ላይ ብትጨምሪው እምቢ ለማለት ይቸግራቸዋል። ብድር ያልኩሽ ዝም ብዬ አይደለም፣ ባንክ የሚኖረው ከብድር ወለድ ነው፣ ፋይል አንብቦ ይሄ ሰው ይከፍላል ይሄ አይከፍልም ማለት የማይችል ሰው ማናጀር ለማድረግ ማንም አይደፍርም። የነጋዴ ሂሳብ ማንበብ፣ የመያዣ ግምት መመርመር፣ የዘገየ ብድር ማስመለስ፣ እነዚህን ሠርተሽ ስማቸው ፋይልሽ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የውድድሩን ነጥብ ጠይቂ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴቶች ከወንዶች ጋር ለቅጥርም ሆነ ለዕድገት ተወዳድረው እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል ይላል፣ አንቀጽ 87 ላይ ነው። ልብ በይ፣ እኩል ከመጣችሁ ነው የሚለው፣ አንሰሽ ከሆነ አይሠራልሽም። ለዚህ ነው ነጥቡን በቁጥር ማየት ያለብሽ፣ "ኮሚቴው አይቶት ነው" የሚል መልስ አትቀበይ፣ የጽሑፍ ፈተናው ስንት፣ ቃለ መጠይቁ ስንት፣ የሥራ አፈጻጸሙ ስንት። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ ስለ ዕድገትና ስለ ቅሬታ የሚናገር ክፍል ይኖራል፣ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀን ገደብ አለውና ሳታነቢ አትቆይ።

አንድ ነገር ደሞ ማንም አይነግርሽም። ይሄው አዋጅ "የሥራ መሪ" የሚላቸውን አይሸፍንም፣ ማለትም የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያላቸውን ወይም የአመራር ፖሊሲ የሚያወጡና የሚያስፈጽሙትን። የቅርንጫፍ ማናጀር እዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው እንደ ሥልጣኑ ነው፣ ፍርድ ቤት ብዙ የተከራከሩበት ነገር ነው። ስለዚ ሹመቱ ሲመጣ በደስታ ከመፈረምሽ በፊት ውሉን አንብቢ፣ ስንብት እንዴት ነው፣ ካሳ እንዴት ነው፣ የወሊድ ፈቃዱ ውሉ ላይ ተጽፏል ወይ በይ። ደመወዝ ጨመረልኝ ብለሽ የነበረሽን ከለላ ሳታውቂ እንዳትጥይው።

ሌላ ባንክ ልሂድ ላልሽው፣ ብድር ክፍል የሚሰጥሽ ካገኘሽ አሁን ካለሽበት መጠሪያ ዝቅ ቢልም ሂጂ እላለሁ። እዛም ቁልፍ ሊሰጡሽ ከሆነ ግን ባለሽበት ቅሪ። ደሞ ጊዜውንም እይው፣ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገው ወዲህ ትንንሾቹ ባንኮች ስለ መዋሃድ ሲያስቡ ነው የከረሙት፣ ሁለት ባንክ አንድ ሲሆን ደሞ አንድ ከተማ ላይ ሁለት ማናጀር አያስቀምጥም። በ2017 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ (1360/2017) ለውጭ ባንኮችም በር ከፍቷል፣ እነሱ ጎንደር እስኪደርሱ ጊዜ አለ ብዬ ነው የማስበው፣ ግን ሰው ሲፈልጉ ብድር የሚያውቅ ነው የሚፈልጉት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ክላስ ውስጥ ክርክር ተነስቶ ወንዶቹ "ባንክ የምትመራ ሴት የለችም፣ እናት ባንክም ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ነው" አሉ። እውነት ነው? የምጠቅስላቸው ሰው ንገሪኝ።

መልስ፦ ጥቀሽላቸው። እናት ባንክን የመሠረቱት 11 ሴቶች ናቸው፣ ሥራ የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው፣ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ መዓዛ አሸናፊ ናት፣ የሕግ ባለሙያዋ፣ ኋላ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና የተሾመችው። ሴቶች ብቻ የሚገቡበት አይደለም፣ ወንድም አክሲዮን ይገዛል ወንድም ያስቀምጣል ወንድም ይበደራል፣ ልዩነቱ መሥራቾቹ ሴቶች መሆናቸውና መያዣ የሌላት ሴት እንዴት ትበደር የሚለውን ከመጀመሪያው አንስተው መነሳታቸው ነው። ቤቱ በባል ስም፣ መኪናው በባል ስም፣ ሱቁ በባል ስም ሆኖ ባንክ መያዣ አምጪ ሲላት ምን ታምጣ?

ዘምዘም ባንክም አለልሽ፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ የተከፈተ የመጀመሪያው ባንክ፣ በ2013 ሥራ ሲጀምር ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ መሊካ በድሪ ነበረች። ስለዚ "የለችም" የሚለው እዚህ ላይ ያበቃል። ብዙ ናቸው ብለሽ ግን አትዋሺ፣ ጥቂት ናቸው። ብሔራዊ ባንክም ከንግድ ባንክ ተለይቶ ሥራ ከጀመረበት ከ1956 ወዲህ ሴት ገዥ ኖሮት አያውቅም፣ ይሄንን እነሱ ሳያነሱት አንች አንሽው፣ ክርክር ላይ ያምራል።

አፍሪካ ውስጥ ግን ነበሩ። ሊና ሞሆሎ የቦትስዋናን ማዕከላዊ ባንክ ከ1999 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. መርታለች፣ ጊል ማርከስ የደቡብ አፍሪካውን ከ2009 እስከ 2014። አሜሪካ ያን ያህል ሀብት ይዛ ማዕከላዊ ባንኳን ፌዴራል ሪዘርቭን ለሴት የሰጠችው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፣ ለጃኔት የለን፣ ዎል ስትሪት (የኒውዮርኩ የባንክ ሰፈር) ላይ ካሉት ትልልቅ ባንኮች አንዱን ሴት ስትመራ ደሞ የመጀመሪያዋ የሲቲግሩፗ ጄን ፍሬዘር ናት፣ 2021። ስለዚ ዘግይተናል ብለሽ ብቻሽን አትፈሪ፣ እነሱም ዘግይተዋል።

እኔ የምወዳት ግን ማጊ ዎከርን ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ በ1903 እ.ኤ.አ. ሪችመንድ ቨርጂኒያ ውስጥ ባንክ አቋቁማ ራሷ ፕሬዚዳንት ሆነች፣ ሴቶች ድምጽ እንኳ መስጠት በማይችሉበት ዘመን ማለት ነው። ገንዘቡን ከየት አመጣችው ብትይ ሰው ሲታመምና ሲሞት ከሚረዳዳ ማኅበር ነው፣ እኛ ዕድር የምንለው ዓይነት፣ የልብስ አጣቢዎችን ሳንቲም ለቅማ ባንክ አደረገችው። ጎንደር ውስጥ ስንት የሴቶች ዕድር አለ? ሳጥኑ የት ነው የሚቀመጠው? እሱን ወደታች እመለስበታለሁ።

(የክላስ ልጆችሽ ሴት አትመራም ማለት ካበዙ ቁስቋም ይዘሻቸው ውጪ። አፄ በካፋ ሲሞቱ ልጁ ሕፃን ነበርና እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው ነው አገር ያስተዳደሩት፣ ቱሪስት ሲመጣ ግንቡን እየጠቆምን እንኮራለን፣ ቅርንጫፍ ለሴት ስጡ ሲባል ይጨንቀናል።)

ጥያቄ፦ አምስት ወር እርጉዝ ነኝ፣ የሲኒየር ኦፊሰር ዕድገት ወጥቷል። ልወዳደር ወይስ ለሚቀጥለው ልተወው? ባልደረቦቼ "አሁን ማን ይሰጥሻል" እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ተወዳደሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የወሊድ ፈቃድሽ 30 ቀን ከመውለድ በፊት 90 ቀን ከወለድሽ በኋላ ነው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ለሐኪም ምርመራም ፈቃድ አለሽ፣ በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስም ከሥራ ማሰናበት ክልክል ነው። ለአባትየው 3 ቀን ነው የተሰጠው፣ ሦስት ቀን! እንግዲህ ገንፎው እንኳ ሳያልቅ። ሆድሽን አይተው "አሁን ማን ይሰጥሻል" ያሉሽን ሰዎች ተያቸው፣ ምናልባት አብረውሽ የሚወዳደሩ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ተጠባባቂ ማናጀር ተደርጌ ፒያሳ አካባቢ ያለ ቅርንጫፍ ይዣለሁ። የዲፖዚት ታርጌቱ አስጨንቆኛል። ከኔ በፊት የነበረው ማናጀር ማታ ማታ ሆቴል ከነጋዴዎች ጋር እየተቀመጠ ነበር የሚያመጣው፣ እኔ ያን አልችልም፣ ባለትዳር ነኝ ልጅ አለኝ አልጠጣም። አንድ ትልቅ ደንበኛ ደሞ "ራት ካልጋበዝሽኝ ብሬን አወጣለሁ" ይለኛል በቀልድ እያስመሰለ፣ ቀልድ አይመስለኝም። ታርጌቱን ካላሟላሁ ተጠባባቂነቱ ይነሳል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰውየውን እንጨርሰው። ከሱ ጋር ብቻሽን የትም አትገናኚ፣ ጉዳይ ካለው ቢሮሽ ይምጣ፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ የብድር ወይም የሂሳብ ሠራተኛሽ አብሮ ይቀመጥ። ማታ ከደወለ አታንሽ፣ ጠዋት ከቢሮ ስልክ መልሰሽ ደውይ። ያለውን ነገር ቀንና ሰዓት አድርገሽ ለዲስትሪክት በኢሜይል አሳውቂ፣ ሁለት መስመር ይበቃል፣ ነገ ብሩን ሲያወጣ "በሷ ድክመት ሄደ" እንዳይባል። አዋጁ የአሠሪንና የሥራ መሪን ጾታዊ ትንኮሳ በግልጽ ነው የሚከለክለው፣ የደንበኛው ነገር ላይ ግን ያው አለቆችሽ ናቸው ከጎንሽ መቆም ያለባቸው፣ ስለዚ ሳያውቁ ቀሩ እንዳይባል ቀድመሽ ጻፊ። ብሩን ካወጣ ያውጣ።

አሁን ወደ ታርጌቱ። ሆቴል ሄዶ ዲፖዚት የሚያመጣ ማናጀር የሚያመጣው ምን ዓይነት ብር እንደሆነ አይተሽ ታውቂያለሽ? የሰሊጥ ነጋዴ ብር ነው ብዙውን ጊዜ። ክረምቱን ይተኛል፣ አንችም ሪፖርት ላይ ታምሪያለሽ፣ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ ግን አዝመራው ደርሶ መተማና ሁመራ በኩል ግዢ ሲጀመር ብሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠራርጎ ይወጣል፣ ካዝናሽ ይራቆታል፣ ዲስትሪክት ይደውላል። ያ ነጋዴ ክፉ ሆኖ አይደለም ብሩ የሥራ ብር ስለሆነ ነው። ትልቅ ደንበኛ አትያዥ አልልሽም፣ በአራት ትልልቅ ሰው ላይ የቆመ ቅርንጫፍ ግን እንቅልፍ አይሰጥም፣ ለዛም ነው እነዛ ማናጀሮች ማታ ማታ ሆቴል የሚያመሹት፣ ፍርሃት ነው።

ያንች ብር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቅዳሜ ገበያ ሂጂ፣ በሥራ ሰዓት፣ በፀሐይ። ቅቤ የምትሸጠዋ፣ በርበሬና ቅመም የምታስፈጨዋ፣ ጌሾና ብቅል የምታመጣዋ፣ ባልትና ያላት፣ እነዚህ ሴቶች ብራቸውን መቀነታቸው ውስጥ ነው የሚቋጥሩት፣ ባንክ ያልገቡት ደሞ ስለማይወዱ አይደለም፣ ገበያውን ትተው ሰልፍ መቆም ስለማይችሉ ነው። ሁለት ልጆች በታብሌት አድርገሽ ላኪ፣ እዛው ሂሳብ ይክፈቱላቸው፣ መታወቂያቸውን እዛው ፎቶ ያንሱ። ስልኩ ላይ ማየት የማይችሉ ካሉ ደብተር ስጫቸው፣ ደብተር ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ማየት ይወዳሉ። አንዷ ደስ ካላት ሌሎቹን ይዛ ትመጣለች፣ ሰብሳቢ እነሱ ናቸው።

ከዛ ዕቁብ። የሴቶች ዕቁብ ሰብሳቢዋን ፈልጊ፣ ዕጣው በየሳምንቱ በካሽ ከሚወጣ በሂሳብ ይግባ በያት፣ ለሷም ቁጥሩ ይቀልላታል ከሚያንሾካሹኩባትም ትድናለች። ዕድርና የጽዋ ማኅበርም እንደዛው፣ ሦስት ፈራሚ ያለው ሂሳብ ይከፈትላቸዋል፣ ያ ብር ሰው እስኪሞት ወይ ዝክር እስኪደርስ አይነካም። ሐዋላም አለልሽ፣ ጎንደር ውስጥ ልጅዋ ዓረብ አገር ወይ አሜሪካ ያለች እናት የሌለበት ሰፈር የለም፣ ብሩን ለመቀበል ስትመጣ መስኮት ላይ ሁለት ሰዓት አቁመሽ ካስለቀስሻት ነገ ሌላ ባንክ ነው የምትቀበለው። ወንበር አስቀምጪላት፣ እማማ በያት፣ ስሟን አስታውሺ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ቀስ ይላል። አንዱ ሰሊጠኛ በአንድ ቼክ የሚያስገባውን የገበያ ሴቶቹ ተሰብስበው ብዙ ወር ይፈጅባቸዋል፣ የዚህ ሩብ ዓመት ታርጌት ላይ ላያደርስሽ ይችላል። ስለዚ ሪፖርትሽን ስታቀርቢ ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ አታሳዪ፣ አዲስ የተከፈተ ሂሳብ ስንት፣ በጥቅምት ያልወጣው ስንት፣ ቁጠባ ስንት ተንቀሳቃሽ ስንት ብለሽ ለይተሽ አሳዪ፣ የባለፈውን ዓመት የኅዳር ወር ቁጥርም ጎኑ አስቀምጪበት። ዲስትሪክቱ ካልገባው ዋና መሥሪያ ቤት ያለው የፋይናንስ ሰው ይገባዋል። ባልሽንም አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ ማታ ሪፖርት የምትዘጊበት ቀን ልጁን እሱ ያስተኛል ወይ? ታርጌት በባንክ ቤት ብቻ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ደባርቅ ቅርንጫፍ ማናጀር ሆና ተመደበች። እኔ ጎንደር ነው የምሠራው። እኔ ምንም አይደለም ብያለሁ ግን ዘመድ አዝማዱ "ሚስትህን ለሹመት ለቀቅካት ወይ" እያለ አስቸገረኝ። እውነት ለመናገር እኔም ትንሽ ከብዶኛል። እምቢ ትበል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ ጥያቄው አንተ ደባርቅ ተሹመህ ቢሆን "እምቢ ልበል ወይ" ብለህ ትጽፍልን ነበር ወይ ነው። አትጽፍም፣ ዘመድ በግ አርዶ ይሸኝህ ነበር። የከበደህ ነገር ግን ውሸት አይደለም፣ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ልጅ አለ፣ ሁለት ቤት ኪራይ አለ። እሱን ከዘመድ ጋር ሳይሆን ከሷ ጋር ቁጭ ብለህ አውራ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትቆየው፣ መቼ ወደ ጎንደር የመዛወር መብት አላት፣ ባንኩ የቤት አበል ይሰጣል ወይ፣ ልጁ ማን ጋ ይሆናል። በነዚህ ላይ ተነጋግራችሁ አይሆንም ካላችሁ እሺ። ዘመድ ምን ይላል በሚለው ግን አታስቀራት። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሹመት የሚሰጠው ውጭ ነው፣ ዳባት፣ ሳንጃ፣ አይከል፣ ከተማ ላይ ማናጀር የሚሆኑት እዛ ቆይተው የመጡ ናቸው። እሷ አሁን እምቢ ካለች በሚቀጥለው ጊዜ "ጠይቀናት እምቢ አለች" ይባልና ስሟ ራሱ አይነሳም። ለዘመዶችህ ደሞ ደመወዟን ንገራቸው ዝም ይላሉ።

ጥያቄ፦ አንች ልጅ፣ እኔ ሰሊጥና ማሾ እነግዳለሁ። የኔ ባንክ ማናጀር ሴት ሆነች። በፊት የነበረው ሰውዬ ጋር ቡና ጠጥተን ምሳ በልተን ነገር ያልቅ ነበር፣ ይቺ ልጅ ፋይል አምጡ ሰነድ አምጡ ነው፣ ብድሬም ዘገየ። ሴት ያለችበት ባንክ ብድር አይገኝም የሚሉት እውነት ነው? ባንክ ልቀይር?

መልስ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ። ተቆጥተው ነው የጻፉት፣ እኔም በቀጥታ እመልስልዎታለሁ። ብድሩን እሷ ብቻዋን አይደለም የምትሰጥዎት፣ ያ ቡና የሚያጠጣዎትም ሰውዬ ብቻውን አልነበረም የሰጠዎት። ቅርንጫፍ የሚፈቅደው ጣሪያ አለው፣ ከዛ በላይ ያለው ለዲስትሪክት ወይ ለዋና መሥሪያ ቤት የብድር ኮሚቴ ይሄዳል፣ ቤቱን ኢንጂነር ይገምተዋል፣ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ውስጥ ስምዎ ይታያል፣ ሌላ ባንክ ያለብዎት ዕዳ ሁሉ እዛ አለ። ሰውየው ምሳ ላይ ያደረገልዎት ነገር ቢኖር ፋይልዎን እሱ እየሮጠ ማሟላት ነው፣ ይቺ ደሞ እርስዎ ያሟሉት እያለች ነው። ፋይሉ ኮሚቴ ደርሶ ጎደለ ተብሎ ከሚመለስ አሁን ቢጠየቁ አይሻልም?

የብድሩም መዘግየት የሷ ብቻ አይመስለኝም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገድቦ ነበር፣ ኋላ ከፍ ቢያደርገውም ጣሪያ ያለው ባንክ መርጦ ነው የሚሰጠው፣ የተሟላ ፋይል ያለው ይቀድማል። ሰሊጥ የሚገዙት በጥቅምት ከሆነ ሐምሌ ላይ ያስገቡ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ መጥተው ነገ ስጡኝ ካሉ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን አይደርስልዎትም።

አንድ ነገር ደሞ ልጨምርልዎት። ቤቱን ለመያዣ ሲያቀርቡ የባለቤትዎ ስምምነት ያስፈልጋል፣ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ንብረትን ብቻዎን እንዲያስይዙ አይፈቅድም። ድሮ እንዴት ነበር? ሚስትየዋ መጨረሻ ቀን ላይ ነጠላዋን ለብሳ ትጠራለች፣ "እዚች ጋ ፈርሚ" ትባላለች፣ ምን እንደፈረመች ሳታውቅ ትሄዳለች፣ ዕዳው ሲበላሽ ግን ቤቱ የሷም ነው። አሁን ያሉበት ቅርንጫፍ ማናጀሯ ባለቤትዎን አስቀምጣ ብድሩ ስንት እንደሆነ፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ ባይከፈል ቤቱ እንደሚሸጥ ስታስረዳት አይናደዱ፣ ሥራዋ ነው። ምናልባት ባለቤትዎ "ይሄን ሁሉ ለምን ትበደራለህ" ብላ ብትጠይቅዎትም መልስ ይዘው ይምጡ።

ባንክ መቀየር መብትዎ ነው። ከመቀየርዎ በፊት ግን ይዘው የሚሄዱት ያው ፋይል ነው፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሂሳብ መግለጫ፣ እነዚህን አንዴ አሟልተው ለልጅቷ ይስጧት፣ ቡናውን ከፈለጉ ከዛ በኋላ እዛው ቢሮዋ ታስፈላልዎታለች።